የሳሊሀ ሳቅ

ለማከብርዎትና ሁልጊዜ ለሚናፍቁኝ አባቴ ለመምህር አብሳሎም፤
ዱራሜ።

አባቴ፣ የጌታ ሰላም ከነቤተሰብዎ ይብዛልዎት። እንዴት ከረሙ? ጉልበትዎስ? ያ ብርድ ሲሆን የሚይዝዎት ቁርጥማት ለቀቀዎት ወይስ አሁንም ጠዋት ጠዋት ግድግዳ ተደግፈው ነው የሚነሱት? እማዬስ እንዴት ናት? የግፊት መድኃኒቷን በየቀኑ ትወስዳለች ወይስ ትንሽ ሻል ሲላት ትተወዋለች? ልያና ሕፃኗ፣ ዳጊም፣ ጎረቤቶቻችን ሁሉ ደህና ናችሁ? የበልጉ ዝናብ ደረሰላችሁ? ጓሮ ያለው እንሰት አምና በሽታ ጀማምሮት ነበር፤ ተረፈ ወይስ ነቀላችሁት? እኔ በጌታ ቸርነት በአካል ደህና ነኝ።

«በአካል» ማለቴን ልብ እንደሚሉት አውቃለሁ። አርባ ዓመት የተማሪ ደብተር ያረመ ሰው እንዲህ ያለ ቃል አያልፈውም። ከሁለት ወር በላይ በደወልን ቁጥር «ድምፅሽ ምን ሆኗል?» ይሉኛል፤ እኔም «ጉንፋን ነው» እላለሁ። ጉንፋን አልነበረም። አንድ ቦታ አርፎ መቀመጥ አቅቶኝ ነው። ቤት ስገባ መውጣት ያምረኛል፣ ስወጣ ወዴት እንደምሄድ ይጠፋኛል። ለፋሲካ መጥቼ ፊት ለፊት ልነግርዎት አስቤ ነበር፤ ነገር ግን በዓሉን ክሊኒኩ ውስጥ ተረኛ እኔ ሆንኩ። በስልክ ደግሞ ድምፅዎን ስሰማ አንደበቴ ይታሰራል። ስለዚህ ወደ እናንተ የሚመጣ ሰው ሳገኝ ይህን ጻፍኩ። እባክዎ መጀመሪያ ለብቻዎ ያንብቡት።

ነገሩ ከካሜራዬ ጋር የተያያዘ ነው። ልዑልቃል የሚባለው የሥራ ባልደረባችን ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር የሸጠልኝ አሮጌ ካሜራ እንዳለኝ ያውቃሉ። ምን ያህል እንደያዘኝ ግን በደንብ አልነገርኩዎትም። ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ አቀርቅሬ የሰው ደም ሳይ እውላለሁ፤ ስወጣ ዓይኔ ሌላ ነገር ይርበዋል። እሁድ ከአምልኮ በኋላ ምሳ እንኳ ሳልበላ ካሜራዬን አንግቼ እሄዳለሁ። አንዱን እሁድ ቦዬ ረግረግ ዳር ከብቶቹ ውኃ ውስጥ ቆመው ሲግጡ፣ ሌላውን እሁድ የጅሬንን ዳገት ወጥቼ ከተማው ከጭጋግ ሲገለጥ፣ አንዳንዴም ሚኒባስ ይዤ እስከ ሰኮሩ፣ በመስኮቱ የማየውን ሁሉ። ሠርግ ወይም ታላቅ ሰው አይደለም የማነሳው። ጫማ የሚያስጠርግ ሰው፣ ባጃጅ ውስጥ የተኛ ሹፌር፣ ከሰል የምታራግፍ ሴት፣ ይኸው ነው።

ከሁሉ በላይ የሚይዘኝ ግን ብርሃኑ ነው። ይሳቁብኝ እንጂ ልንገርዎት፤ የላቦራቶሪ መስታወት በቫዝሊን ቀብቼ ሌንሱ ፊት እይዝና መብራቱ እንደ ጭጋግ ሲፈስ አያለሁ። መስኮቴ ላይ አጎበር ሰቅዬ ፀሐይዋ በእሱ ውስጥ ስታልፍ የሎሚ ጥላ አነሳለሁ። ነጩ ጋዋኔ ደግሞ ዋናው መሣሪያዬ ሆኗል፤ ሰው ጥላ ውስጥ ሲቀመጥ ጋዋኑን ፀሐይ ላይ ዘርግቼ ብርሃኑን ወደ ፊቱ እመልስለታለሁ። የጠቆረ ፊት ድንገት ሲከፈት ማየት ልቤን ያዘልለዋል። ታዲያ አንድ ጥሩ ፎቶ ሳነሳ ለሳምንት የሚበቃኝ ይመስለኛል፤ ሰዓት ሳይሞላ ሌላ ያምረኛል።

ፈድሊያ ክሊኒኩ ውስጥ አብራኝ የምትሠራ ነርስ ናት፤ የአጋሮ ልጅ ናት። በታኅሣሥ አጋማሽ በአንድ ቅዳሜ ሁለታችንም እረፍት ነበርንና እናቷን ልትጠይቅ ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ። አጎቷ የሚሠራበት የቡና መጋዘን አለ። ሴቶቹ በረድፍ ተቀምጠው ከቡናው መሐል የጠቆረውንና የተሰበረውን ፍሬ በእጃቸው ይለቅማሉ። የመጋዘኑ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ግን ብርሃን እንዲያስገባ ነጭ ፕላስቲክ አድርገውበታል። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ገደማ ፀሐይዋ በዚያች ገብታ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብላ ቆማለች፣ አቧራው በውስጧ ይንሳፈፋል። ከምሰሶዋ ሥር አንዲት ጥቁር ሻሽ ያሰረች ሴት ተቀምጣለች።

አባቴ፣ እዚህ ጋ የሆነውን በትክክል ልንገርዎት፤ ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ ያሰብኩት ይህችን ስለሆነ። የመጋዘኑን ኃላፊ አስፈቅጃለሁ። ሴቶቹንም በጅምላ «ፎቶ ላንሳችሁ?» ብያለሁ። ግማሾቹ ፊታቸውን ሸፍነው ሳቁ፣ ግማሾቹ «አንሺ፣ አንሺ» አሉ። እሷ ግን እሺም እምቢም አላለችም። ቀና ብላ አየችኝና ወደ ቡናዋ ተመለሰች። እኔ ዝም ማለቷን እንደ እሺታ ቆጠርኩት። ጋዋኑን ለፈድሊያ ሰጥቼ ብርሃኑን ወደ ፊቷ እንድትመልስልኝ አደረግሁና ማንሳት ጀመርኩ። መጀመሪያ አልሆነልኝም፣ ፊቷ ዝግ ነበር። ከዚያ አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት በኦሮምኛ አንድ ነገር አለቻት። ሴትዮዋ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ አፏን ከፍታ፣ ብርሃኑ ውስጥ ሳቀች። ቅጽበት ናት። ያዝኳት።

እንደዚያ ያለ ፎቶ አንስቼ አላውቅም። ቴሌግራም ላይ ፎቶ የሚያነሱ ወጣቶች የሚገናኙበት ገጽ አለ፤ ጥር ሲገባ እዚያ ለጠፍኩት። በሦስት ቀን ውስጥ የማላውቃቸው ሰዎች ሁሉ ሲቀባበሉት ዋሉ። የአንድ ካፌ ባለቤት፣ ሰሚር የሚባል፣ በትልቁ አሳትሞ ግድግዳው ላይ ሰቀለው። እኔም በየምክንያቱ በዚያ በር ማለፍ ጀመርኩ። ሰዎች ሥሩ ተቀምጠው ፎቶ ሲነሱ አይቼ እንዳላየሁ አልፍና ጥግ ላይ ስደርስ ብቻዬን ፈገግ እል ነበር። ኩራት ነበር፤ ስሙን ልቀይረው አልችልም።

ጥር መጨረሻ ላይ ፈድሊያ ከአጋሮ ተመልሳ ላቦራቶሪ ገባችና በሩን ዘጋች። «ታቢ፣ ያቺ ሴትዮ ባሏ ከሞተ አንድ ወር እንኳ አልሞላውም ነበር» አለችኝ። ሃያ ስድስት ቀን ነበር። በእነሱ ደንብ ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ዒዳ ትቀመጣለች፤ አታጌጥም፣ ያለ ግድ ከቤት አትወጣም። እሷ የወጣችው ሥራዋን ካልሠራች ልጇ ስለማትበላ ነው፤ ያንንም የባሏ ዘመዶች ተረድተውላት ነበር። የባሏ ታላቅ ወንድም ኡመይር ግን ለጉዳይ ጅማ መጥቶ ያ ካፌ ይገባል። ሻይ አዝዞ ቀና ሲል የሟች ወንድሙ ሚስት ጥርሷን አሳይታ ከግድግዳው ላይ ትስቃለች። ሻዩን ሳይጠጣ ወጣ። በማግስቱ፣ ከሟች ልጇ ሚስት ጋር ትኖር የነበረችው አሮጊት እናቱ የአራት ዓመቷን የልጅ ልጇን ይዛ ወደ ኡመይር ቤት ገባች። ሴትዮዋ ብቻዋን ቀረች። ጎረቤት መግባት አቆመ። «ስሟ ማን ነው?» አልኳት ፈድሊያን። አየችኝ። «እስከ ዛሬ አታውቂውም? ሳሊሀ ነው» አለች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው ድምፄ የተለወጠብዎት። ፎቶውን ከገጹ ላይ አነሳሁት፤ የተቀባበሉት ሰዎች ዘንድ ያለውን ግን ማን ያነሳዋል? ወደ ሰሚር ሄድኩ። «ሰው እሱን ሊያይ ነው የሚመጣው፤ ሴትዮዋ ከሰሰችሽ እንዴ?» አለኝ። «አልከሰሰችኝም፤ ባሏ ሞቶባት ዒዳ ላይ ነበረች» አልኩት። «ኢና ሊላህ!» አለና ሌላ ቃል ሳይጨምር ወንበር ላይ ወጥቶ በገዛ እጁ አወረደው። ተሸክሜው ወደ ቤት ስሄድ ፊቱን ወደ እኔ አድርጌ ነው የያዝኩት፣ መንገደኛ እንዳያያት።

እርስዎ ከልጅነታችን ጀምሮ ሰው የበደለ ሰው የተበደለው ቤት ድረስ ሄዶ ይቅርታ ይጠይቅ ይሉን ነበር። መሄዱ ግን አስፈራኝ። ሁለት ጊዜ መናኸሪያ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። በሦስተኛው፣ የካቲት ሲገባ፣ ፈድሊያ ክንዴን ይዛ ሚኒባስ ውስጥ አስገባችኝ።

መጀመሪያ የሄድነው አሮጊቷና ልጅቷ ወዳሉበት ወደ ኡመይር ቤት ነው፤ ከአጋሮ ወጣ ብሎ ቡና ጥላ ሥር ነው። በሩ ላይ የተቀበለን ራሱ ነው። ማን እንደሆንኩ ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ፤ ቢሆንም «ግቡ» አለ። ገና ሳልቀመጥ እንዲህ አለኝ፦ «እህቴ፣ ያንቺ ወንድም ሞቶ፣ ለቅሶ የመጣው ሰው ገና ሳይበተን፣ ሚስቱ ስትስቅ ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ ብታያት ምን ትያለሽ?» ወንድሜን ዳጊን አሰብኩት። «ልክ ነህ» ብቻ አልኩ።

እናቱ አደ አፊፋ ጥጉ ላይ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ልጅቷ ጭኗ ላይ ተኝታለች። አሮጊቷ አማርኛ ትሰማለች እንጂ ብዙ አትናገርም፤ ፈድሊያ ታስተረጉምልን ነበር። እጄን ይዛ «ታኢ፣ ኢንተለኮ» አለችኝ፤ ተቀመጪ ልጄ ማለቷ ነው። ያኔ እንባዬ መጣ፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ «እኔ የሰማሁትን እንጂ ያየሁት የለም፤ አሳዪኝ» አለች። ኡመይር «ተይው እማ» አላት። አልሰማችውም። ካሜራውን ከፍቼ ሰጠኋት። ዓይኗ ደክሟል፤ እስከ አፍንጫዋ አስጠግታ ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀች፣ ማንም ያልጠየቀኝን፣ እኔም ራሴን ያልጠየቅኩትን። «ምን ተባለችና ሳቀች?»

እኔ ኦሮምኛዬ ከሰላምታና ከገበያ አያልፍም። ወደ ፈድሊያ ዞርኩ። ፈድሊያ ጋዋኑን ይዛ አጠገባቸው ቆማ ስለነበር ሰምታለች፤ ያኔ ግን ልብ አላለችውም። «ያቺ ጎረቤቷ ‹እንደ ሸኩር ትንፋሽሽን እንዳትይዢ› ነው ያለቻት» አለች።

ሸኩር የሟቹ ስም ነው።

አደ አፊፋ ካሜራውን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ልጇ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ካሜራ ይፈራ ነበር አለች። የቀበሌ መታወቂያ ሊያወጣ ፎቶ ቤት ሲገባ ጉንጩን ነፍቶ ትንፋሹን ያዘ፤ ፎቶ አንሺው «ተንፍስ እንጂ ሰውዬ!» ቢለው፣ ተንፍሶ ሲያበቃ ደግሞ ይይዛል። ሦስት ጊዜ አነሳውና ተስፋ ቆርጦ ሰጠው። መታወቂያው ላይ እሳት እፍ የሚል ሰው ይመስላል። ሳሊሀ ካገባችው ጀምሮ በዚያች መታወቂያ ስትስቅበት ኖረች፤ እሱም ሆነ ብሎ እያወጣ ያስቃት ነበር። ይህን ስትነግረን አሮጊቷ ራሷ ጉንጯን ነፍታ አሳየችን፤ ሳቀችም። ሳቋ መሐል ላይ ተሰበረና ሻሿን ፊቷ ላይ ጣለች። «በልጄ ነው የሳቀችው» አለች። ይህን ፈድሊያ ሳታስተረጉምልኝ ገባኝ።

ኡመይር ተነስቶ ወጣ። ተቆጥቶ የሄደ መስሎኝ ነበር። ሲመለስ የእናቱን ጫማ ይዞ ነበር፤ ሳትጠይቀው እግሯ ሥር አስቀመጠላት።

አብረን ወደ ሳሊሀ ቤት በእግራችን ሄድን፤ ልጅቷን ኡመይር አቅፏታል። ሳሊሀ በሩን ከፍታ አማቷን ስታይ እንደ ቆመች ቀረች፤ ከዚያ የአሮጊቷን ጉልበት አቅፋ አለቀሰች። እኔ ውጭ ቆየሁ። በኋላ ራሷ ወጣች። «ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት፤ ሌላ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። «እማ ተመለሰች፤ አልሐምዱሊላህ» አለች። «አንቺን ግን ምን እንደምልሽ አላውቅም። እሱ ከሞተ ጀምሮ አንዴ ሳቅኩ። አንዴ። እሷንም አገር ሁሉ አያት።» አልጮኸችብኝም። ውኃ ጠጪ እንኳ ሳትለኝ ገባች፤ መብቷ ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ናቸው የከበዱኝ። ካሜራውን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። እሁድ ሲመጣ ግን እግሬ አያርፍልኝም፤ ባዶ እጄን እወጣለሁ። ዝናብ ያባራ እንደሆነ፣ ፀሐይዋ በሙዝ ቅጠል ስታልፍ ካየሁ፣ ጣቴ አየር ላይ ይጫናል። አንድ ቀን ደዶ ድረስ ሄጄ ምንም ሳላደርግ በዚያው መኪና ተመለስኩ። ፈድሊያ «ሰው ገደልሽ እንዴ? አንሺና ተገላገዪ» ትለኛለች። አላስቻለኝም፣ መተውም አላስቻለኝ።

ከኢድ በኋላ ሳሊሀ በፈድሊያ በኩል ላከችብኝ፦ «ካሜራዋን ይዛ ትምጣ።» ትናንት ወዲያ፣ ቅዳሜ፣ ሄድኩ። ዒዳዋን ጨርሳለች፤ ጥቁሩን ሻሽ ትታ ቡናማ አስራለች። አጠገቧ አስቀመጠችኝና «የዚያን ቀን ያነሳሽኝን ሁሉ አሳዪኝ» አለች። አርባ አንድ ነበሩ። እንዴት እንደሚጠፋ አሳየኋት። በገዛ ጣቷ፣ ቡና በምትለቅምበት ሻካራ ጣቷ፣ አንድ በአንድ እያየች አጠፋቻቸው። አቀርቅራ የተነሳችውን፣ እጇ ብቻ የታየበትን፣ የደበዘዘውንም። አልቸኮለችም። እኔ በእያንዳንዱ ልቤ ሲነቀል ይሰማኝ ነበር፤ ውሸት አልነግርዎትም፣ አንዳንዶቹ በጣም የሚያምሩ ነበሩ። መጨረሻ ላይ ሳቋ ቀረ። ልጅቷ ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥላ አብራ ታያለች። ሳሊሀ ጣቷን ከቁልፉ ላይ አነሳች። «ያን ቀን ጠዋት ከመኝታዬ መነሳት አቅቶኝ ነበር» አለች፤ ለእኔ ይሁን ለራሷ አላውቅም። ከዚያ ተጫነችው። መስታወቱ ጠቆረ። «ሄደች» አለች ልጅቷ። ሳሊሀ ካሜራውን መለሰችልኝና ተነሳች። «በይ አሁን ሻይ ጠጪ» አለችኝ።

ጠጣሁ አባቴ። እንደዚያ ያለ ሻይ ጠጥቼ አላውቅም።

እንግዲህ ወደ እርስዎ የምመጣው አሁን ነው። ያንን ፎቶ በጥር ልኬልዎት የስልክዎ ፊት ላይ እንዳደረጉት ዳጊ ነግሮኛል። በጸሎት ቤት ለሽማግሌዎቹ ሁሉ «የልጄ ሥራ ናት» እያሉ እንዳሳዩም አውቃለሁ። በሕይወቴ በዚያን ያህል የኮሩብኝ ቀን የለም፤ ስለዚህ ነው ይህን ለመጻፍ ሁለት ወር የፈጀብኝ። እባክዎ ያጥፉት። ዳጊ ያሳይዎታል፤ ነገር ግን በእርስዎ ጣት ይሁን። የላኩላቸው ሰዎች ካሉም ይንገሯቸው። ለጠየቁዎት ደግሞ ስሟ ሳሊሀ እንደሆነ፣ በባሏ ትዝታ እንደሳቀች፣ ልጅዎም ሳታስፈቅድ እንዳነሳቻት ይንገሯቸው። አላፍርም፤ ወይም አፍራለሁ፣ ቢሆንም ይንገሯቸው።

ፎቶ ማንሳቱን ልተው ወይስ ልቀጥል፣ እርስዎ ምን ይላሉ? ቅዳሜ ስመለስ ሚኒባሱ ዳገቱ ላይ ሲደርስ ፀሐይዋ ከዝናቡ ሥር ወጥታ የተሳፋሪውን ፊት ሁሉ አበራችው። ካሜራው በቦርሳው ሆኖ ጭኔ ላይ ነበር። አላወጣሁትም። ንስሐ ይሁን ፍርሃት ለይቼ አላወቅሁም፤ እጄ ግን እስከ ጅማ ድረስ ቦርሳውን እንደጨበጠ ነው የደረሰው።

ሕፃኗን በእኔ ምትክ ሁለቱንም ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ ልያን ደብዳቤዋ ደርሶኛል፣ የጠየቀችኝን ሹራብ እልካለሁ ይበሉልኝ። ዳጊ ፈተናው እስኪያልፍ ስልኩን ያስቀምጥ። ለወይዘሮ ብርሃንነሽና ለቤታቸው ሁሉ፣ ለጸሎት ቤቱ ምእመናንም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ለእማዬ ይህን ደብዳቤ ሲያነቡላት አንድ ነገር ይጨምሩልኝ፦ ስመጣ ሁልጊዜ በር ላይ ተቀምጣ ስታንቀላፋ አነሳታለሁ፤ አንድም ቀን አስፈቅጃት አላውቅም። ከእንግዲህ እቀሰቅሳትና እጠይቃታለሁ። እምቢ ካለችኝ አጠገቧ እቀመጣለሁ።

ልጅዎ ታቢታ አብሳሎም
ጅማ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.